«ሳይገቡ አይለፉ» ያለው ድንጋይ

ይኼን ታሪክ ሳልነግራችሁ ብቀር ሆዴ ተነፍቶ ይፈነዳል። ደባርቅ ያሉ ደንበኞቼ ሁሉ ሰምተውታል። አንዳንዶቹማ «እስከዳር፣ ይኼን ነግረሽኛል እኮ» ይሉኛል፤ እኔ ደግሞ «መጨረሻውን በደንብ አልነገርኩሽም» ብዬ ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ። ጸጉሯ በእጄ ስለሆነ የት ትሄዳለች! አሁን ተራው የእናንተ ነው። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ ፊደል ብስት እለፉኝ፤ በአፌ እንደማወራችሁ አድርጋችሁ አንብቡት።

ሹሩባ ሠሪ ነኝ። የምሠራው ደባርቅ ነው፣ የተወለድኩት ግን ጽድ አምባ ነው። ጽድ አምባ ማለት ከዳባት ወደ ደባርቅ ስትመጡ በቀኝ በኩል ከፍ ብላ የምትታይ መንደር ናት። ትታያለች አልኩ እንጂ ማንም አያያትም። መኪናው ሁሉ ዓይኑ ተራራው ላይ ነው፤ ጭላዳ ለማየት፣ ዋልያ ለማየት ይበራል። የኛን ሰፈር ማን ቀና ብሎ ያያል? ቤቶቿን ግን ብታዩ! አሁን ሰው ሁሉ የሚያቆመው ባህር ዛፍና ቆርቆሮ ነው። ጽድ አምባ ላይ ግን አያቶቻችን የሠሯቸው የድንጋይ ቤቶች ውስጥ ዛሬም ሰው ይኖራል። ግድግዳው ከመወፈሩ የተነሳ መስኮቱ ላይ ልጅ ይተኛል። እኔ ራሴ ተኝቻለሁ!

ከነዚህ ቤቶች ሁሉ መጨረሻ፣ ገደሉ አፍ ላይ ያለችው የአያ የሺዋስ ቤት ናት። የማወራላችሁም ስለሳቸው ነው።

አያ የሺዋስ ዕድሜያቸውን ሙሉ በቅሎ ጫኝ ነበሩ። የፈረንጁን ድንኳንና ጓዝ ጭነው ከደባርቅ ተራራው ላይ እስካለው ሳንቃ በር፣ ከሳንቃ በርም ወዲያ ሲመላለሱ ኖረዋል። እንግሊዝኛ የሚያውቁት አንድ ቃል ነው፤ «ስሎሊ»፣ ቀስ በሉ ማለት። ገደል ሲደርሱ ስሎሊ፣ ጭጋግ ሲመጣ ስሎሊ፣ ሚስታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ ሲቆጡም ስሎሊ። እትዬ ማንጠግቦሽ ታድያ «ይኼ ሰውዬ ስሎሊ እያለ አረጀብኝ» ይላሉ። አንድ ቀን ጠባብ መንገድ ላይ በቅሎዋ ደንብራ ከቋጥኝ ጋር አጣበቀቻቸው። ጉልበታቸው እዚያው ቀረ። ከዚያ ወዲህ በከዘራ ከቤት ደጅ፣ ከደጅ ቤት ነው። ሰው መምራት የለመደ ሰው ቤት ሲውል እንዴት እንደሚሆን አይታችኋል? ዶሮ ሲያዩ እንኳ «በዚህ በኩል፣ በዚህ በኩል» ይላሉ።

ቤታቸው ፎቅ ናት። እውነቴን ነው፣ ፎቅ! ታቹ የከብት ነው፣ ላዩ የሰው። አያታቸው ግንበኛ ነበሩ፣ በእጃቸው ነው የሠሯት። የጣራዋ ወራጅ ንጹሕ ጽድ ነው፤ ያ ጽድ ዛሬ በሻማ ቢፈለግ አይገኝም።

ችግሩም እሱ ነው። ልጃቸው ደባርቅ ላይ ቦታ አግኝታ ቤት ልታቆም ነው። እትዬ ማንጠግቦሽ ደግሞ ምን አሉ? «ይችን ጅብ የማያድርባትን ቤት ጣራዋን እናውርድና እንጨቱን ለልጄ እንስጣት፤ እኛም ከሷ ጋር ከተማ እንግባ።» አናጢው ፀጋው ሳይቀር መጥቶ ወራጁን በጣቱ አንኳኩቶ፣ «አቤት እንጨት!» ብሎ ምራቁን ውጦ ሄደ።

እኔ ያን ቀን እዚያው ነበርኩ፤ እሁድ እሁድ እጠይቃቸዋለሁ። አያ የሺዋስ በከዘራቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉና ምን አሉ መሰላችሁ?

«ማንጠግቦሽ፣ እኔ ይችን ቤት ያየኋት ፈረንጅ አሳይቶኝ ነው።»

«ምን ይላል ይኼ? ተወልደህ ያደግህባትን ቤት?»

«ከውስጥ ነበር እንጂ የማውቃት ከውጭ አላየኋትም ነበር። አንድ ጊዜ አስፋልቱ ዳር በቅሎ ስጭን ፈረንጁ ወደ ላይ ካሜራውን ደገነ። ምን አገኘ ብዬ ባይ ቤት ነች። ድንጋይዋ ፀሐይ መትቷት ወርቅ መስላለች። ‹የማን ቤት ናት ይቺ?› ብዬ ልጠይቅ ስል፣ ያንቺ ቀይ ነጠላ መስኮቱ ላይ ተሰጥቷል!»

እኔ በሳቅ ሞትኩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን አልሳቁም። «እና?» አሉ።

«እናማ ፈረንጁ ያየውን ያገሬ ሰው ቢያየው ምን አለ? መንደራችንን ሰው እየዞረ ቤት ቤቱን ይጎብኝ።»

«ማን ይመራዋል? አንተ በዚህ ጉልበትህ?»

«መሪ አያሻም። ድንጋይ ይመራዋል። በየደጁ ድንጋይ አቆማለሁ፣ ቀስት እስልበታለሁ፣ ሰው በገዛ እግሩ እየዞረ ያያል።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ነገር አዋቂ ናቸው። እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው «እሺ» አሉ። «እስከ ዳግማይ ትንሣኤ ድረስ አንድ ሰው፣ አንድ! ዘመድ ያልሆነ፣ ያልተጎተተ፣ በገዛ እግሩ ይችን ቤት ብሎ እደጄ ከመጣ ጣራው ይቆይልህ። ካልመጣ በማግስቱ ፀጋው መጥቶ ያወርደዋል። ቃልህን ስጠኝ።»

«ሰጠሁሽ» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ አትጠይቁኝ! ጎረቤቱ ሁሉ ጠፍጣፋ ድንጋይ በአህያ እያስጫነ አመጣላቸው። አያ የሺዋስ ደጃቸው ላይ በርጩማ አድርገው፣ ከበር ቀለም የተረፈ ሰማያዊ ይዘው ይጽፋሉ። በልጅነታቸው ቄስ ትምህርት ቤት ስለገቡ ፊደላቸው የመጽሐፍ ፊደል ነው፣ ወፍራምና ቆንጆ።

«ምን ብለው ነው የሚጽፉት?» አልኳቸው።

«ሰው እንዲገባለት የሚፈልግ ሁሉ የሚጽፈውን። ደባርቅ በየበሩ ምን ይላል?»

አየሁት። ሳይገቡ አይለፉ፣ ከሥሩ ቀስት። ደግ ቃል ነው፣ አይደል? ማን ይጠላዋል?

ድንጋዩ በየደጁ ቆመ። የመጀመሪያው ከአስፋልቱ ዳገቱን እንደወጣችሁ የምታገኙት የእማሆይ በለጠች ደጅ ነው። እማሆይ ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፤ ሲሞቱባቸው ቆብ ደፍተው እዚያው ክብ ቤታቸው ውስጥ ይኖራሉ። ሁለተኛው የገዱ ደጅ ነው። ከዚያ ሌሎችም አሉ፣ መጨረሻው የአያ የሺዋስ። ቀለሙ ደረቀ። ቅበላ አለፈ፣ ሁዳዴ ገባ፣ ሁዳዴ ተጋመሰ። ማን ይምጣ! ፍየል መጥታ ተሻሸችበት። አንድ ሰውዬ አህያ ጠፍቶት መጣ። እትዬ ማንጠግቦሽ «እሱ አህያውን ብሎ ነው የመጣው፣ አይቆጠርም» አሉ፤ አያ የሺዋስም «አይቆጠርም» አሉ። ሀቀኛ ናቸው፣ ይኼ ነገራቸው ነው እኔን የሚገድለኝ።

እኔማ ደባርቅ ላይ አፌ ሥራ አልፈታም። ለመጣው ሁሉ ጽድ አምባ፣ ጽድ አምባ! ከደንበኞቼ አንዷ ዘኪያ ናት። የዳባት ልጅ ነች፤ ባሏ ካሚል ደባርቅ ጨርቅ ይነግዳል። ዘኪያ ስትመጣ መጋረጃዬን ዘግቼ ነው የምሠራት፣ እስኪያልቅ ድረስም አወራለሁ። አንድ ቀን ሹሩባው ሳያልቅ፣

«በቃ እስከዳር! አፍሽን ከምሰማ ዳገቱን ብወጣ ይሻለኛል። እሁድ ካሚልን ይዤ እሄዳለሁ» አለችኝ።

ኧረ እልልታዬ! ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። ስልክ ደወልኩላቸው። አያ የሺዋስ ግን ደስታቸውን ዋጥ አደረጉና፣

«ስሚ፣ አንቺ እንዳትመሪያቸው» አሉኝ።

«እንዴ! መንገዱን እኮ…»

«ከመራሻቸው ተጎተቱ ማለት ነው። ማንጠግቦሽ አትቆጥረውም፣ እኔም አልቆጥረውም። ከኋላ ሁኚ፤ ወዲህ፣ ወዲያ እንዳትይ። በሚካኤል በይ!»

«በሚካኤል» አልኩ። ምን ነክቶኝ እንደማልኩ እንጃ። እኔን ዝም በይ ማለት ወንዝን ቁም ማለት ነው።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ባጃጁ አስፋልቱ ዳር አወረደን። ዘኪያና ካሚል ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነጠላዬን ነክሼ። ዳገቱ እንደምታውቁት ነው፤ ካሚል ደግሞ ሱቅ መቀመጥ የለመደ፣ ሆድ ቢጤ ያወጣ ሰው ነው፣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ጫፉ ላይ እንደወጣን የእማሆይ ደጅ! ድንጋዩ ቆሟል። እማሆይ ለእንግዳ ብለው ደጃፋቸውን ጠርገው፣ አግዳሚ አውጥተው፣ ንጹሕ ጨርቅ አልብሰውታል።

ካሚል ድንጋዩን አነበበ፣ አግዳሚውን አየ፣ ፊቱ በራ። ዘፍ ብሎ ተቀመጠ።

«ዘኪያ፣ እንዴት እንዳሰቡበት አየሽ! ዳገቱን እንደጨረስሽ ሻይ ቤት!»

ምን እንደሚያደርግ ገባኝ። ነጠላዬን ይበልጥ ነከስኩ። እሱ እጁን አነሳና ጨብ! ጨብ! ጨብ!

«አስተናጋጅ! ሁለት ሻይ! አንዱ ስኳሩ ቀነስ ይበል!»

በሩ ተከፈተ። እማሆይ በለጠች ቆባቸውን እንደደፉ፣ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ ወጡ።

«ማነው በደጄ የሚያጨበጭብ? ሠርግ አለ?»

ካሚል ብድግ አለ። «ይቅርታ እማሆይ… አስተናጋጇ የለችም?»

«የምን አስተናጋጅ?»

«ማለቴ… ሻይ የምታመጣው ልጅ።»

«ልጄ፣ ሰው ቤት ሲመጣ ‹ቤቶች› ይባላል እንጂ ይጨበጨባል? ማን አሳደገህ?»

ዘኪያ ጎኑን ጎሰመችው። ዝም ቢል ደህና ነበር፤ ግን ደንግጧል፣ የደነገጠ ሰው ደግሞ ያስረዳል።

«እማሆይ፣ ድንጋይዎ ላይ ሳይገቡ አይለፉ ስለሚል እኮ ነው። ከተማ እንዲህ የሚለው ሻይ ቤት ነው… ምግብ ቤት ነው… ጠላ ቤት…»

«ጠላ ቤት!»

የእማሆይ ድምፅ ወፍ አስነሳ። ማንበብ አይችሉም ነበርና «የሺዋስ ‹እንግዳ ይግባ ይላል› ብሎኝ ነው እኮ ያቆምኩት!» አሉ። ቀጥታ ወደ ድንጋዩ ሄዱና፣ በዚያ ዕድሜያቸው፣ ገፍተው በፊቱ ደፉት። ከዚያ ወደ ላይ ዞረው በእጃቸው አፋቸውን ከበብ አድርገው ተጣሩ።

«ገዱ! ኧረ አንተ ገዱ!»

ከላይኛው ቤት «አቤት እማሆይ!» አለ ገዱ።

«ድንጋይህን ገልብጥ! የሺዋስ ኮማሪት አደረገን!»

«እኔንም?»

«አንተንም!»

«እኔ እንኳ ጢም አለኝ እኮ እማሆይ!»

«ገልብጥ አልኩህ!»

ገዱ ገለበጠ። ገዱ ደግሞ ወደ ላይ ተጣራ፣ ላይኛው ወደ ላይኛው። ድምፁ ከኛ ቀድሞ ዳገቱን ወጣ። እኛ ስንደርስ በየደጁ ድንጋዩ በፊቱ ተደፍቷል፣ በሩ ተዘግቷል። ዘኪያ አንገቷን ደፍታ ትሄዳለች፤ ካሚል «ምን አልኩ? ሻይ ነው ያልኩት!» እያለ ይከራከራታል። «እሳቸው መነኩሴ ናቸው እኮ ካሚል» ትለዋለች። «እኔ ምን ላውቅ፣ ቆባቸውን ሳላይ ነው ያጨበጨብኩት» ይላታል።

መንገዱ ከሁለት ተከፈለ። አንዱ ወደ ላይ፣ ወደ አያ የሺዋስ ቤት ነው። ሌላው ታጥፎ ወደ አስፋልቱ ይመለሳል። መታጠፊያው ላይ የነበረው ድንጋይ ተገልብጧል፣ ቀስቱ መሬት ያያል። ካሚል ቆሞ አየና፣

«በቃ አልቋል መሰለኝ፤ እንውረድ» አለ።

ዘኪያ ወደኔ ዞረች። «እስከዳር፣ አልቋል?»

ኧረ ጉዴ! ዓይኔን አፈጠጥኩ። ቅንድቤን ወደ ላይ አነሳሁ፣ አወረድኩ።

«ምን ሆንሽ? ትንኝ ገባብሽ?»

በሚካኤል ብያለሁ! ምን ላድርግ! ነጠላዬን ከመንከሴ የተነሳ ጥለቱ ላይ ዛሬም የጥርሴ ምልክት አለ። ታጠፉ። መውረድ ጀመሩ። ሌላ እሁድ አይመጡም፤ ሌላ ሰውም የለም። የጽዱ ወራጅ ሲወርድ፣ የፀጋው መጋዝ ሲጮህ በጆሮዬ ሰማሁት።

አሁን ላይ ቤት ምን ሆነ መሰላችሁ? በኋላ ሁለቱም እየተቋረጡ ነው የነገሩኝ። አያ የሺዋስ ከጠዋት ጀምሮ ፎቁ መስኮት ላይ ነበሩ። ከዚያ ሁሉም ይታያል። ድንጋይ ሲገለበጥ አይተዋል። እንግዶቹ መታጠፊያው ላይ ሲቆሙ አይተዋል። ሲታጠፉም አዩ። እትዬ ማንጠግቦሽ ደጅ ላይ ምስር ይለቅማሉ።

«ታጠፉ?» አሉ ከታች።

«ታጠፉ።»

«አትጠራቸውም?»

«ከጠራኋቸው በገዛ እግራቸው አይሆንም። ቃል ሰጥቻለሁ።»

እትዬ ማንጠግቦሽ ምስራቸውን መልቀም ቀጠሉ። ማሸነፋቸው ነው እኮ! ዝም ማለት ብቻ ነው የሚጠበቅባቸው። ቀና ሲሉ ግን ባላቸው መስኮቱ ላይ ናቸው፤ አንገታቸውን አውጥተው፣ የሚሄዱትን ሰዎች በዓይናቸው እየሸኙ፣ ለራሳቸው «ስሎሊ፣ ስሎሊ… ድንጋዩ ያዳልጣል» ይላሉ። ቁልቁለቱን ሲወርዱ እንዳይወድቁ!

ሰፌዱ ተወረወረ። ምስሩ ደጁን ሞላው። እትዬ ማንጠግቦሽ ገደሉ አፍ ላይ ቆመው፣ ድሮ ከብት ሲጠሩበት በነበረው ድምፃቸው፣

«እናንተ ሰዎች! ኧረ እናንተ! ቤቱ ወዲህ ነው! እንግዳ በደጄ ዞሮ ሊሄድ ነው እንዴ? ወዲህ!»

ዘኪያ ቆመች። እኔ ነጠላዬን ተፋሁት። ዞረን ዳገቱን ስንወጣ ካሚል ሲያለከልክ፣ እኔ ደግሞ ስፈነጥዝ፣ ዳገቱ መቼ እንዳለቀ አላወቅሁም።

ደጁ ላይ ስንደርስ አያ የሺዋስ በከዘራቸው ወርደው ቆመዋል። እንግዶቹን ሰላም አሉና ወደ ሚስታቸው ዞረው ምን አሉ?

«አንቺ ነሽ የጠራሽው። አይቆጠርም።»

እኔ «ኧረ አያ የሺዋስ!» ብዬ ጮህኩ።

«አይቆጠርም» አሉ ደግመው።

እትዬ ማንጠግቦሽ «ዝም በል አንተ! በእንግዳ ፊት የቤት ነገር አይወራም» ብለው ዘኪያን እጇን ያዙ። «ነይ ልጄ። ጎንበስ በይ፣ በሩ ዝቅ ያለ ነው።»

ዘኪያ ጎንበስ አለች። ካሚል ግን ቁመቱ ረጅም ነው፣ ግንባሩን ጓ!

«ኡፍ!»

እትዬ ማንጠግቦሽ ሳቁ፣ ሳቁ፣ እንባቸው መጣ። «አሁን ቤተኛ ሆንክ! እኔም ሙሽራ ሆኜ ስገባ እዚሁ ነው የመታኝ። ሚዜዎቹ ‹ሙሽራዋ አለቀሰች፣ ቤተሰቧ ናፈቃት› ሲሉ እኔ ግንባሬ ነው የሚያመኝ!»

አያ የሺዋስ አፋቸውን ከፈቱ። «ግንባርሽ ነበር?»

«ታድያ ምን መስሎህ ነው?»

«እኔማ… እኔን ጠልታኝ ነው ብዬ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።»

ያን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ አልተነጋገሩበትም! ዘኪያ በሳቅ ግድግዳውን ተደገፈች።

ከዚያ በኋላ አስጎብኚው ማን ሆነ? እትዬ ማንጠግቦሽ! አያ የሺዋስ ከታች ቀሩ፣ ደረጃው ለጉልበታቸው አንዴ በቀን ይበቃዋል። እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ላይ ወጥተው፣ «ይኼ የኮርቻ መስቀያው ነው። እዚህ ልጄን ወለድኳት፤ ከታች ላሟም ያን ዕለት ወለደች፣ ሁለታችንም እንጮኻለን፣ እሱ ወደ ማን እንደሚሮጥ ጠፋው» እያሉ አንድም ጥግ አላስቀሩም። ዘኪያ መስኮቱ ጋ ሄደች።

«ካሚል፣ ና እስኪ! ያ እኛ የምናልፍበት መንገድ አይደል?»

«እሱ ነው!»

«በየሳምንቱ እኮ ነው የምናልፈው። አንድ ቀን ቀና አላልንም።»

ካሚል ወርዶ ደጅ ወጣ፣ ራቅ ብሎ ስልኩን አወጣ። «እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እስኪ መስኮቱ ላይ ብቅ ይበሉ!» አነሳቸው። ሲወርዱ አሳያቸው። ፀሐይዋ ዘቅዝቃ ስለነበር ድንጋዩ ያው አያ የሺዋስ እንዳሉት ወርቅ ሆኗል። መሐሉ ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ፣ አንገታቸውን አውጥተው፣ ጥርሳቸው ሁሉ እየታየ።

ስልኩን ተቀብለው ቀረብ አደረጉት፣ ራቅ አደረጉት።

«እኔ ነኝ ይቺ?»

«እርስዎ ነዎት።»

«ቤቷ… ይኼን ታክላለች?»

አያ የሺዋስ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አስደግፈው መሬት መሬት ያያሉ። እትዬ ማንጠግቦሽ ስልኩን ለካሚል መለሱና ምስራቸውን ከመሬት ለመልቀም ጎንበስ አሉ። ጎንበስ እንዳሉ፣

«የሺዋስ» አሉ።

«ወይ።»

«እኔ የጠራሁት እንግዳ የማይቆጠረው በማን ሕግ ነው? ሕጉን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም? እኔ ቆጥሬዋለሁ።»

አበቃ! ዘልዬ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ፣ የለቀሙትን ምስር መልሼ በተንኩባቸው።

ግን ቆዩ፣ እማሆይ ቀርተውናል። ስንወርድ ካሚል የእማሆይ ደጅ ሲደርስ ቆመ። የራሱን ግንባር አሻሸ፣ ጉሮሮውን ጠረገና፣

«ቤቶች!» አለ። «ኧረ ቤቶች!»

እኔ ነጠላዬን መልሼ ነከስኩ።

«እነማን ናችሁ?» አሉ እማሆይ ከውስጥ።

«እንግዶች ነን እማሆይ።»

«ግቡ!»

ገባን። ይቅርታ ሲጠይቅ «ተወው፣ ተወው፣ የየሺዋስ ጥፋት ነው» አሉት። የጦስኝ ሻይ አፍልተው በሁለት ብርጭቆ አቀረቡና ፊታቸውን ኮስተር አድርገው፣ «ስኳር የለኝም፤ የሁለታችሁም ቀነስ ያለ ነው» አሉ። ካሚል ሻዩ በአፍንጫው ወጣ!

የዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ፀጋው መጋዙን ይዞ መጣ። ማንም አልነገረውም ነበር ለካ። እትዬ ማንጠግቦሽ ወደ ጓሮ ወሰዱት። እዚያ ባህር ዛፋቸው አለ፤ ሰው ቅጠሉን ሲነካ እንኳ የሚጣሉበት ባህር ዛፍ። «ይኼን ለልጄ ቁረጥላት» አሉት።

«ጣራውስ?» አለ ፀጋው ወደ ጽዱ እያየ።

«ጣራው ምን አለህ? ይልቅ ደረጃውን አስተካክል፣ እንግዳ ይወድቅብኛል።»

ልጃቸው ቤቷን በባህር ዛፍ አቆመች። ትንሽ አኩርፋለች፤ እውነቱን ልናገር፣ እስካሁንም አኩርፋለች። ቆርቆሮዋ ግን ያምራል።

ድንጋዮቹ ተነስተው ቆመዋል፣ ጽሑፋቸው ግን ሌላ ነው። እማሆይ «እንግዳ ሰው ቤት ሲደርስ የሚለው አንድ ቃል ነው፣ እሱን ጻፍ» ብለው አዘዙ። አያ የሺዋስ ሰማያዊውን ፍቀው በአዲስ ጻፉት፤ «‹ቤቶች!› በሉ» ብለው። እማሆይ ድንጋያቸውን የመጣውን ሰው ሁሉ ያስነብባሉ፣ አያ የሺዋስን አያምኑም። ጠላ ቤት ደጅ ላይ «ቤቶች» ብሎ የሚጣራ የለማ! ከዳባት ተማሪዎች መጡ፣ ከጃናሞራ ወደ ደባርቅ የሚሄዱ ሽማግሌዎች መጡ፣ ባለፈው ደግሞ ዘኪያ እህቶቿን ይዛ መጣች። ብዙ አይደለም፣ ግን ይመጣሉ።

አያ የሺዋስ መስኮታቸው ላይ ናቸው። ማየትም አያሻቸውም። ከታች «ቤቶች!» ሲባል «እማሆይ ጋ ደረሱ» ይላሉ። ቀጥሎ «ቤቶች!» ሲባል «ገዱ ጋ ናቸው፣ ስሎሊ ነው የሚሄዱት፣ ጥሩ ነው» ይላሉ። ድሮ በቅሎዎቹን በቃጭላቸው ድምፅ እንደሚከታተሉት። መታጠፊያውን አልፈው የነሱን ዳገት ሲጀምሩ ከዘራቸውን ይመቱና፣ «ማንጠግቦሽ! በሩ ላይ ቁሚ፣ ግንባራቸውን!»

እኔ አለቅኩ፣ ትንፋሼም አለቀ። አሁን እናንተ ንገሩኝ፤ በእናንተ አገር ሰው ቤት ደጅ ላይ ቆሞ ምን ብሎ ነው የሚጣራው? እናንተስ እንደ ካሚል ያልሆነ ቦታ አጨብጭባችሁ፣ ወይ ያልሆነ በር አንኳኩታችሁ፣ በመጨረሻ ቤተኛ የሆናችሁበት ቤት አለ?